ጠብቆ የተነበበው «አለ»

ቀኑን ተሳስቼ ይሆናል። ማክሰኞ ይመስለኛል፤ ረቡዕም ሊሆን ይችላል። «አለ» ብዬ መጻፌን ግን እርግጠኛ ነኝ።

እስቲ «አለ» የምትለዋን ቃል ጻፏትና አንብቧት። አጥብቃችሁ ካነበባችኋት «ይገኛል» ናት። አላልታችሁ ካነበባችኋት ደግሞ «ተናገረ»። ፊደላችን አይለያቸውም። እኔም የኮምፒውተር ባለሙያ እንጂ የሰዋስው መምህር አይደለሁም።

የምሠራው ቡታጅራና ወልቂጤ ክሊኒክ ባለው ማኅበር ነው፤ እኔ የቡታጅራው ነኝ። ስለ ኮምፒውተር ስናወራ ቦርዱ ያዛጋ ስለነበር በየሩብ ዓመቱ የውጤት ካርድ እንድሞላ ታዘዝኩ። አንድ ገጽ ነው። በግራ ሥራው፣ በቀኝ ውጤቱ፣ ዳር ላይ ቀለም። አረንጓዴ ከሆነ ይታለፋል። ካርዱ መጥፎ አልነበረም። ኔትወርኩን ቀይ ባደረግሁ በሳምንቱ አዲስ መስመር ገባ። ከዚያ ወዲያ ማን ይጠራጠረዋል? «ወረቀት አልባ አገልግሎት» አረንጓዴ ሲሆንማ ተጨበጨበልኝ። የድሮዎቹ የሕሙማን ካርዶች ተወገዱ።

«የሕሙማን መረጃ ቅጂ፣ ወልቂጤ» የሚል ረድፍም ነበረ። እዚያ ላለው ባልደረባዬ ለሰለሞን ደወልኩ። ቅጂው አለ? «አለ፣ አለ! አታስብ አባቴ።» እኔም «አለ» ብዬ ጻፍኩ፤ ዳሩንም አረንጓዴ አደረግሁት። «ሰለሞን ነው ያለው» ለማለት ይመስለኛል። ወይስ አሁን ነው ያሳመርኩት?

ቦርዱ አጥብቆ አነበበው። ከአባላቱ ሀጂ ሸረፋ ብቻ መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ። የመስቃን በርበሬ ነጋዴ ናቸው።

«ማን አይቶት ነው አለ የሚለው? እኔ በርበሬ ስገዛ ጆንያውን ከሥር አስፈትቼ ነው የማየው።»

ሰብሳቢው ሳቁ። «ኧረ ሀጂ፣ ይሄ በርበሬ አይደለም! አረንጓዴ ነው እኮ።»

«አረንጓዴ በርበሬማ ገና አልደረሰም ማለት ነው።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅሁ።

ከሁለት ወር በኋላ መብራት ሄዶ ሲመለስ የሕሙማኑ መረጃ ያለበትን ዋናውን ኮምፒውተር አቃጠለው። በማግስቱ ጠዋት ነስሩ የሚባል ገበሬ እናቱን ከእንሴኖ ይዞ መጣ። ትኩሳት አንደበቷን ይዞታል።

«አንድ መርፌ አይስማማትም። ወላሂ ስሙን አላውቀውም። ባለፈው እዚሁ ጽፋችሁታል፤ እዩልኝ» አለ።

ዶክተሯ ወደ እኔ ዞረች። ለሰለሞን ደወልኩ። አለ፣ ግን ቆይ ልፈልገው፣ አለኝ። ስልኩን ሳይዘጋ ሲያንኮሻኩሽ ይሰማኛል። ነስሩ ፊት ፊቴን ያየኛል። ዶክተሯ ከዚያ በላይ መጠበቅ አልቻለችም፤ ካሏት መርፌዎች አንዱን መረጠች።

ያው ራሱ ነበር።

ነስሩ እናቱን ከቀትር በፊት ወደ እንሴኖ መለሳት፤ ለቀብር።

በኋላ ወልቂጤ ሄጄ አረጋገጥኩ። ቅጂው ሊገባበት የተገዛው ዲስክ በሰለሞን መሳቢያ ውስጥ አለ። አጥብቃችሁ አንብቡት። ማሸጊያው አልተቀደደም።