በጽጌ ሳሙና የታጠበ ማነው?

ከገበያ የጠፋ ነገር ሁሉ የሚጣፍጠው ከጠፋ በኋላ ነው። በነበረበት ዘመን ዞር ብለን ያላየነው ብስኩት፣ ፋብሪካው በተዘጋ ማግሥት አፋችን ውስጥ ማር ማር ማለት ይጀምራል። የዱሮ ከረሜላ ሁሉ ጉንጭ ይሞላ ነበር፤ የዱሮ ሽቶ ሁሉ አንዴ ከተረጨ ሳምንት ይቆይ ነበር፤ የዱሮ የፀጉር ቅባትማ መላጣውን ሁሉ ባለጎፈሬ ያደርግ ነበር። እስቲ አስቡት፤ «የዛሬው ይሻላል» የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አልገጠመኝም። ቢገጥመኝም እጠረጥረዋለሁ።

መጠርጠር ደግሞ ሙያዬ ነበር። የእኔ ብቻ አይደለም፤ በደርግ ጊዜ ናይሮቢ የምንኖር አበሾች ሁሉ ሙያ ነበር። ከአገር ሸሽተን ወጥተን፣ የሸሸነው ነገር ተከትሎን እንደመጣ እርግጠኞች ነበርን። መሃል ከተማ መንገድ ላይ ሁለት አበሾች ፊት ለፊት ሲመጡ ብታዩ ኖሮ፣ ሁለቱም እኩል ወደ ሱቅ መስኮት ዞር ብለው የማይገዙትን ጫማ ሲመረምሩ ታገኟቸው ነበር። የግድ ሆኖ ሰላም ከተባባልን ስም እንጠያየቃለን። የተነገረንን ስም ግን አናምንም፤ እኛስ የነገርናቸው ስም መች የራሳችን ሆነና! ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል ያገሬ ሰው። እኛም ተረቱን እንደ ጸሎት ይዘነው እናድር ነበር።

የምኖረው አበሻ በሚበዛበት ኢስሊ ሰፈር፣ ማማ ዋንጂሩ የምትባል ሴትዮ ግቢ ውስጥ በተከራየነው አንድ ክፍል ነበር። ሦስት ነን። እኔ ቀን ቀን ሩንዳ በሚባለው የሀብታም ሰፈር አንዲት ፈረንጅ ቤት ልብስ አጥባለሁ። ማርታ ፀጉር ትሠራለች፤ እሑድ እሑድ ደግሞ የጴንጤ ቸርች ውስጥ ትዘምራለች። የቤቱ አዛዥ እትዬ ዘርፌ ናት፤ ድሮ የነጋዴ ሚስት፣ አሁን ጥልፍ እየጠለፈች የምትሸጥ። እትዬ ዘርፌ ጥርጣሬ ያበዛችው በከንቱ አልነበረም። ታናሽ ወንድሟ አዲስ አበባ ታስሯል። እሷ ናይሮቢ መሆኗን እዚያ ማንም አያውቅም፤ ዘመድ ልትጠይቅ ባላገር ወርዳለች ነው የተባለው። አንድ ሰው እዚህ አይቷት እዚያ ቢያወራ ወንድሟ ምን እንደሚደርስበት ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ስለዚህ በደጃችን ያለፈ ሁሉ ለእሷ የደርግ ጆሮ ነበር።

ታዲያ በዚህ ሁሉ መሃል ሳንፈራ የምናወራው አንድ ነገር ነበረን፤ የጠፋ ዕቃ። ቅዳሜ ከሰዓት ልብስ አጥበን፣ ግቢው ውስጥ አስጥተን ስንቀመጥ ጨዋታው ይጀመራል። ስለ ሰው ማውራት ያስፈራል፤ ስለ መንግሥት ማውራት ያስበላል፤ ስለ ከረሜላ ቢያወሩ ግን ማን ምን ይላል? ማርታ ትምህርት ቤቷ በር ላይ ትገዛው የነበረውን ባለመስመር ከረሜላ ታነሳለች። እኔ በቆርቆሮ የሚመጣውን ብስኩት አነሳለሁ። እትዬ ዘርፌ ሁለታችንንም ዝም የምታሰኘን በጽጌ ነበር።

ጽጌን የማታውቁ ትኖራላችሁ። የገላ ሳሙና ነበረች፤ ሮዝ፣ ላይዋ ላይ አበባ የታተመባት፣ በስስ ወረቀት የተጠቀለለች። ፋብሪካው ከተወረሰ በኋላ ትንሽ ሠራ ሠራ አደረገና አቆመ። ከዚያ ወዲያ ሳሙና ማለት ቀበሌ ሱቅ ተሰልፈው የሚያገኙት፣ ከእድፉ ይልቅ ቆዳውን የሚያነሳ ደረቅ ነገር ሆነ። እትዬ ዘርፌ እንደምትለው ያደገችው ጠዋት ማታ በጽጌ እየታጠበች ነው። ማርታም ያደገችው በጽጌ ነው። እኔስ ብትሉ፣ እኔማ አረፋዋ ዓይኔ ገብቶ ሲያቃጥለኝ ሁሉ ትዝ ይለኝ ነበር፤ ይህን ሳወራ እንባዬ ይመጣል። ናይሮቢ እንደሆነ ሳሙና በሽበሽ ነው። የሩንዳዋ እመቤቴ መታጠቢያ ቤት ውስጥ የሌለ የሳሙና ዓይነት አልነበረም፤ አንድ ቀን ጽጌን የሚመስል ባገኝ ብዬ አንድ በአንድ እያነሳሁ ሳሸት ከኋላዬ ደረሰች። ከዚያ ቀን ወዲህ ሳሙናዋን ትቆጥር ጀመር። መጠርጠር የአበሻ ብቻ አለመሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው።

የሺ የመጣችው እንግዲህ እዚህ ቤት ነው።

ይዘዋት የመጡት ሐጂ ሙክታር ናቸው፤ ከሞያሌ ኢስሊ ጨርቅ የሚያመላልሱ ነጋዴ፣ እትዬ ዘርፌ በዓለም ላይ ከምታምናቸው ሁለት ሰዎች አንዱ። ሁለተኛው እኔ እንዳልሆንኩ አውቃለሁ። ልጅቷ በጭነት መኪና እንደመጣች፣ ወረቀት እንደሌላት፣ ሰሞኑን ደግሞ የፖሊስ አፈሳ እንደበዛ ነገሩንና ለጊዜው አስጠጓት አሉ። እትዬ ዘርፌ ያውቋት እንደሆነ ብትጠይቃቸው፣ ከሞያሌ ወዲህ ያለውን እሳቸው፣ ከሞያሌ ወዲያ ያለውን አላህ እንደሚያውቅ መለሱ። ሐጂን እምቢ አይባልም። የሺ ገባች። ቀጭን ናት፤ ዝምተኛ ናት፤ እግሯ ተላልጧል። የያዘችው አንዲት የጨርቅ ቦርሳ ብቻ ነበር።

ነገር የመጣው ቦርሳዋን ከፍታ ነጠላዋን ስታወጣ ነው። ሽታው ክፍሉን ሞላው። ማርታ ማበጠሪያዋን እንደያዘች ቀረች። እኔ በአንድ ጊዜ ልጅ ሆኜ የእናቴን እጅ ፈለግሁ። እትዬ ዘርፌ ደግሞ ክንዴን ቆነጠጠችኝ፤ እስከ ዛሬ ምልክቱ ያለ ይመስለኛል። ጽጌ ነበረች፣ ራሷ።

በማግሥቱ የሺ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ተሰበሰብን። እትዬ ዘርፌ ነገሩን እንደ ዳኛ አብጠርጥራ አስረዳችን። ጽጌ መሠራት ካቆመች ስንት ዘመኗ? የተረፈችውስ የት ነው ያለችው? የተወረሰ ዕቃ የሚቀመጠው መንግሥት መጋዘን ነው። ከመንግሥት መጋዘን ሳሙና አውጥቶ የሚታጠብ ደግሞ መጋረጃ ባለው መኪና የሚሄድ ሰው ነው። የእንደዚህ ያለ ሰው ልጅ ሞያሌን በጭነት መኪና ምን ያሻግራታል? ካልተላከች በስተቀር! እናንተ ብትሆኑ ምን ትመልሱ ነበር? ማርታ ብቻ እንጸልይበት አለች። እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ እትዬ ዘርፌ ወንድሟን እያሰበች ደጁን ቶሎ ቶሎ ታይ ነበር። እኔም ፈራሁ። ፍርሃቴ ግን ቅናት ነበረበት፤ ሰላይም ብትሆን በጽጌ ነው የምትታጠበው።

ማርታ ሰው ሳይፈተን አይፈረድበትም ብላ ስለተከራከረች ፈተናው ለቅዳሜ ተቀጠረ። ማማ ዋንጂሩ የልብስ ሳሙና በቢላ እየቆረጠች ትሸጣለች፤ እትዬ ዘርፌ በዚያ ቀን ሆን ብላ ሳትገዛ ቀረች። ልብሱ ተዘፍዝፎ፣ ሁላችንም ባልዲ ከበን ከተቀመጥን በኋላ፣ አሁን ገና እንዳየች ሆና ሳሙናው አለቀ ለካ አለችና ወደ የሺ ዞረች። አንቺ ጋ ትኖር ይሆን?

«ሳሙና የለኝም፣ እትዬ» አለች የሺ።

ዓይኗን እንኳ አላርገበገበችም። እትዬ ዘርፌ እኔንና ማርታን አየችን፤ ሰማችሁ አይደል ማለቷ ነው። ከዚያ በኋላ ማስመሰሉን ተወችው። እጇን ከባልዲው አውጥታ በቀሚሷ ጠረገች። ሐጂን እንደምታከብር፣ እሷንም እንደማትጠላት፣ ነገር ግን እስከ ነገ ማታ ሌላ ቦታ እንድትፈልግ ነገረቻት። የተናገረችው ረጋ ብላ ነው፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። ውጭ አፈሳ አለ፤ የሺ ወረቀት የላትም፤ ከኛ በቀር የምታውቀው ደጅ የላትም። ብትያዝ ወዴት እንደምትመለስ ሁላችንም እናውቅ ነበር። እኔም ማርታም ግን የተዘፈዘፈውን ልብስ ወደ ማገላበጥ ዞርን።

የሺ አላለቀሰችም። ምን እንዳጠፋች ብቻ ጠየቀች።

«ጽጌ ጽጌ እየሸተትሽ ሳሙና የለኝም ትይኛለሽ» አለቻት እትዬ ዘርፌ። «ማነው የሰጠሽ?»

ልጅቷ መጀመሪያ ግራ ገባት፤ ቆይቶ ነገሩ የገባት መሰለች። ተነስታ ቦርሳዋን አመጣች። ከሥር፣ በነጠላ ቁራጭ ተቋጥራ፣ ጽጌ ወጣች። ወረቀቷ ተበልቷል። ሮዝነቷ ገርጥቶ ነጭ ሊሆን ደርሷል። መሃሏ ተሰንጥቋል። አበባዋ ግን ጥርት ብላ ትታያለች፤ አንድም ቀን ውሃ አልነካትም።

«ይቺን ነው?» አለች። «ይቺ እኮ የሳጥን ናት። እናቴ ልብሷ መሃል ነው የምታስቀምጣት። ስወጣ ሰጠችኝ። ማደሪያ ስታገኚ ታጠቢባት አለችኝ።»

ሳሙናዋን መልሳ እየቋጠረች፣ «እስካሁን አላገኘሁም» አለች።

እናንተዬ! የሳጥን ናት። እንዴት ጠፋን? በየትኛው ቤት ነው በጽጌ ገላ የሚታጠቡት? እኔ ያደግሁበት ቤት ጽጌ ተገዝታ ስትመጣ በቀጥታ የምትገባው ሳጥን ውስጥ ነበር፤ የዓመት በዓሉ ቀሚስ እጥፋት መሃል። እዚያው ታረጃለች፣ እዚያው ትሰነጠቃለች። አንድ ጊዜ አበባዋን በጥፍሬ ጫር ባደርጋት እናቴ በጥፊ አጮለችኝ። ዓይኔን ያቃጠለኝ አረፋ የልብስ ሳሙና አረፋ ነው። የጽጌን ሽታ ያወቅሁት ገላዬ ላይ አይደለም፤ በዓመት በዓል እናቴ ቀሚስ ሥር ስወሸቅ ነው። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይላሉ፤ እኛ ግን ታጥበንባት የማናውቃትን ሳሙና እየናፈቅን፣ በናፍቆታችን ውስጥ ጠዋት ማታ ስንታጠብባት ከረምን። ትዝታችንን በልክ ይዘነው ቢሆን ኖሮ፣ አንዲት ሳሙና ያን ያህል ዘመን የምትኖረው የት እንደሆነ ማንም ሳይነግረን እናውቅ ነበር። መጋዘኑን እትዬ ዘርፌ አልፈጠረችውም፤ ውሸታችን ነው የፈጠረው።

ቀድማ የተናገረችው ማርታ ናት። አንገቷን ደፍታ፣ የእኛም የሳጥን ነበረች አለች። የእኛም አልኩ። እትዬ ዘርፌ ድሮ የነጋዴ ሚስት ናት፣ ባሏ በካርቶን ይዞ ይገባ ነበር ብላ ነግራናለች፤ ከዚያ ሁሉ ወሬ መመለስ ቀላል አይደለም። በመጨረሻ ተነሳች። ክፍላችን ውስጥ የሁላችንም ልብስ የሚቀመጥበት፣ ቁልፍ ያለው አንድ የብረት ሳጥን ነበር። ከፈተችው። የራሷን ቀሚስ ገለጥ አድርጋ ቦታ አበጀች።

«ነይ፣ እዚህ አስቀምጫት» አለቻት። «ማደሪያሽ ነው።»

ሳጥኑን ቆለፈችና ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠለጠለች። ይቅርታ ሌላ፣ ቁልፍ ሌላ።

ወር ሳይሞላ አራታችንም ጽጌ ጽጌ መሽተት ጀመርን። ማታቱ የሚሉት ታክሲ ውስጥ ገብተን ስንቀመጥ ሕንዱም ኪኩዩውም ዞር ብሎ ያየናል፤ አበሻ ከሆነ ግን ይወርዳል። ማርታ ቸርች ውስጥ አጠገቧ ያለው ወንበር ባዶ መዋል ጀመረ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ፣ ማርታ የምትዘምርበት ቸርች የምትመጣ፣ ከሰላምታ አልፈን የማናውቃት አንዲት ሴትዮ ባዶ ሳፋ ይዛ ግቢያችን ገባች። ልብስ ዘፍዝፋ ሳሙና እንዳለቀባት ነገረችን፤ ትኖራችሁ ይሆን? አፍንጫዋ ይንቀሳቀስ ነበር። እኔና ማርታ ተያየን። ፈተናዋን የማናውቃት መስሏት!

«ሳሙና የለንም» አለች እትዬ ዘርፌ።

ዓይኗን እንኳ አላርገበገበችም። ሴትዮዋ ሳፋዋን አቅፋ በመጣችበት ተመለሰች፤ ሲመሽ ኢስሊ ውስጥ ያለ አበሻ ሁሉ እትዬ ዘርፌ የደርግ ሰው መሆኗን ሰምቶ ነበር። ማርታ ደነገጠች። ሄደን እናስረዳ፣ ሳሙናዋን እናሳያቸው፣ ስም ሲጠፋ ዝም አይባልም እያለች ስትንጎራደድ፣ እትዬ ዘርፌ ጥልፏን እየጠለፈች ሰማቻት።

«ተያቸው» አለች። «እኔ የደርግ ከሆንኩ፣ ለደርግ ማን ይነግርብኛል?»

እውነትም ከዚያ ወዲያ ማንም ደጃችን ላይ ቆሞ አላየንም፤ ሲያዩን እነሱ ናቸው ወደ ሱቅ መስኮት የሚዞሩት። እትዬ ዘርፌ ናይሮቢ ከገባች ጀምሮ እንደዚያ ሰሞን እንቅልፍ ተኝታ አታውቅም። ገበያ ስትወጣ ነጠላዋን ከሳጥኑ አውጥታ፣ አራግፋ፣ ሽታው ደህና መሆኑን አይታ ነው የምትለብሰው።

አንድ ቀን ነጠላዋን እንዳራገፈች ወደ የሺ ዞረች። ማደሪያ አግኝተሻል እኮ፣ ለምን አትታጠቢባትም አለቻት።

«ታልቅብናለች» አለች የሺ።

እትዬ ዘርፌ ነጠላዋን ደርባ ወጣች፤ ቁልፉን ግን ከአንገቷ አውልቃ ሳጥኑ ላይ ትታው ነበር፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ እዚያው ይውል ጀመር። ማታ ማታ እኔ እየነቀልኩ ትራሴ ሥር አሳድረዋለሁ። ሰው አይታወቅም።