«እዚችው ናት» ባዩ አያ አድማሴ

በጎጃም ምድር ሩቅ የሚባል አገር የለም። ይህን የምላችሁ እኔ ዕድሜ ልኬን ከቡሬ ፈረስ ቤት፣ ከፈረስ ቤት ሽንዲ በቅሎ ስነዳ የኖርኩ የጨው ነጋዴ ነኝ። መንገድ ዳር ያገኘሁትን ሁሉ «ወንድሜ፣ የምሄድበት አገር ሩቅ ነው?» ብዬ ስጠይቅ፣ «አዎን፣ ሩቅ ነው» ያለኝ አንድም ክርስቲያን፣ አንድም እስላም አላጋጠመኝም። ሁሉም አገጩን ወደ ሰማዩ ጥግ ቀሰር ያደርግና «ይችትና!» ይላል፤ ይህችው ቅርቧ ናት ማለቱ ነው። አንተም ደስ ብሎህ ትሄዳለህ። ፀሐይ ትጠልቅብሃለች፤ ጅብ ይጮህብሃል፤ ይችትና የተባለችው አገር ግን ገና እዚያው አገጭ የተቀሰረበት ናት።

የነዚህ ሰዎች ሁሉ አውራ የኛው አያ አድማሴ ነበሩ። ፊታውራሪ እዚችው፣ ሥዩመ ዳገት ወቁልቁለት! ማዕረጉን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ ንጉሥ ባይሾማቸው በቅሎ ነጂ ይሹማቸው ብዬ። ሌላው ሰው «ይችትና» የሚለውን እሳቸው «እዚችው ናት» ይሉታል፤ ጋቢያቸው ሥር የያዟት ይመስል።

ሥራቸው ታማሚ መምራት ነበር። ከመንደራችን በላይ፣ በደጋ ዳሞት ተራራ አናት ላይ፣ ማየ ርግብ የሚባል ሐይቅ አለ፤ ጸበል ነው። ጸበሉ ደግሞ የሚፈውሰው በባዶ ሆድ፣ ወፍ ሳይቀምሰው ለቀደመ ሰው ነው። ስለዚህ ዶሮ ሳይጮህ መነሳት፣ በጨለማ ዳገቱን መግጠም፣ ጎሕ ሲቀድ አናቱ ላይ መገኘት ግድ ይላል። ያንን ገደል በጨለማ ማን ያውቀዋል? አያ አድማሴ። ሌላ ሰው ቢኖርማ እኔ በነፍሴ ቆርጬ ከሳቸው ጋር አልወጣም ነበር።

አንድ ጊዜ እማማ እማዋይሽን መሩ። ሴትዮዋ ጉልበታቸው አብጦ ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን እንኳ በምርኩዝ ነው የሚደርሱ። ገና ከመንደሩ ሳንወጣ «አድማሴ፣ ሩቅ ነው?» አሉ። «እዚችው ናት፣ እመይቴ።» የመጀመሪያውን ዳገት ወጡ። «የታለች?» «ከዚች ጉብታ ወዲያ።» ጉብታው አለቀና ሌላ ጉብታ ተተካ። «አንተ አድማሴ!» «ምራቅዎ ሳይደርቅ እንደርሳለን፣ እመይቴ።» ሴትዮዋ ምራቃቸውም እንባቸውም ደርቆ አናቱ ላይ ሲደርሱ፣ ጸበሉን ከመንካታቸው በፊት ምርኩዛቸውን አንስተው አያ አድማሴን ጀርባቸው ላይ አቀመሷቸው። ከዚያ ተጠመቁ። ሲመለሱ ምርኩዙን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ነው የወረዱት፤ ቁልቁለቱን ሙሉ እየተሳደቡ። አያ አድማሴ ስድቡን እንደ ምርቃት እየሰሙ ከፊት ከፊት ይሄዳሉ።

ጠሃ የሚባል ወዳጅም አለኝ፤ የቡሬ ነጋዴ ነው። ወደ ሽንዲ ሲሄድ መንገድ ቢጠይቃቸው «ለምሳ ትደርሳለህ» አሉት። እውነታቸውን ነው፤ በማግስቱ ለምሳ ደረሰ። ተመልሶ መጣና ገበያ መሐል ቆሞ ጮኸባቸው። «አያ አድማሴ፣ አላህ ይይልዎ! ዛፍ ላይ አሳደሩኝ እኮ!»

«ደረስህ ወይስ አልደረስህም?» አሉት።

«ደረስኩ፣ ግን...»

«እና ምን ጎደለህ?»

በቡሬ ገበያ ጠሃን በክርክር የረታ ሰው ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት።

ልብ በሉ፣ ሰውየው ቀጣፊ አልነበሩም። ላማቸውን ሊሸጡ ሲያወጡ እንኳ ገዢው ሳይጠይቃቸው «ትራገጣለች» ብለው ያባርሩት ነበር። እግራቸው መንገድ ሲነካ ብቻ ነው አፋቸው የሚለወጥ። አንድ ቀን ተናድጄ «ምነው ግን እውነቱን ቢናገሩ?» ብላቸው፣ «ሩቅ ነው ያልከው ሰው ያኔውኑ ይቀመጣል፤ የተቀመጠ በሽተኛ ደግሞ ማን ያነሳዋል? አንተ ታዝለዋለህ?» አሉኝ። አላዝለውም።

ጣሊያን መጣ። ጎጃም በሸፈተ በዓመቱ የጣሊያን ጦር ከቡሬ ምሽጉ እየወጣ ከብት ይነዳል፣ ቤት ያቃጥላል። መንደራችን መከረና ሴቱን፣ ሕፃኑን፣ ከብቱን ሁሉ ወደ ማየ ርግብ አወጣ። ሐይቁ ዙሪያውን በገደል ጠርዝ የተከበበ ነው፤ ጠርዙን ብቅ ካላልክ ውስጡን አታይም። ሚስቴ እታለምም እዚያ ነበረች። የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ወሯ ገብቷል።

ታዲያ አንድ ማታ አንድ የጣሊያን መኮንን ወታደርና አስተርጓሚ አስከትሎ ከቡሬ መጣና መንደራችን ሰፈረ። አስተርጓሚው ክንፈሚካኤል ይባላል፤ ጫማው የሚጠበው፣ ኑሮው ያስመረረው ሰው ነው። «ጌታው ነገ በማለዳ ሐይቁን ማየት ይፈልጋሉ» አለን።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

«ምን አሟቸው?»

«ምንም።»

«ስለት አለባቸው?»

«የለባቸውም።»

«በሬ ጠፍቷቸው ነው?»

«አይደለም! ለማየት ነው!»

«ምኑን?»

«ውሃውን!»

ጭቃ ሹማችን ባዬ «ውሃ ከሆነ የሚያዩት ከታች ወንዙ አለ፤ ለምን ይደክማሉ?» አለ። ክንፈሚካኤል ይህን አልተረጎመውም። ኋላ እንደገባን፣ መኮንኑ ባገሩ በረዶ የለበሰ ተራራ ለጨዋታ የሚወጣ ሰው ነው። ካርታው ላይ «ሐይቅ አለ ይባላል» ተብሎ የተሰመረውን ሊያረጋግጥ፣ እግረ መንገዱንም ፀሐይ ውሃው ላይ ስትወጣ ሊያይ ነው። ሰው አገር እያቃጠለ ደግሞ ሊጎበኝ ይነሳል! እንዲህ ያለ ጉድ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

መሪ ተጠየቀ። ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። አያ አድማሴ ግን ጋቢያቸውን አጣፉና «እኔ አለሁ» አሉ።

ሰው ልኮ ሐይቁ ላይ ያሉትን ማስጠንቀቅ አይቻልም፤ መውጫው ሁሉ ወታደር ቆሞበታል። ጣሊያኑን በሌላ በኩል ማሳሳትም አይቻልም፤ ወደ ላይ የምትወጣው መንገድ አንዲት ቀጭን ናት። እኔ ደግሞ ከነበቅሎዬ ዕቃ ጫን ተብያለሁ። ጥግ ይዤ ለመንኳቸው። «አያ አድማሴ፣ በእታለም ይዤዎታለሁ! ለአንድ ቀን ብቻ ሩቅ ነው ይበሉ! የሁለት ቀን መንገድ ነው ይበሉ፣ ነብር አለ ይበሉ!»

«መንገደኛን ሩቅ ነው ብዬ ላስደነግጥ? እኔ አድማሴ?» እናታቸውን የሰደብኩ ያህል አዩኝ። «አፌ አይለምደውም፣ ልጄ። ተወኝ።»

ተውኳቸው። በሆዴ ግን የማውቀውን ስድብ ሁሉ ጨረስኩና ከጠሃ የሰማሁትን ጨመርኩበት።

ዶሮ ሳይጮህ ተነሳን። አያ አድማሴ ከፊት፣ ቀጥሎ መኮንኑ፣ ክንፈሚካኤል፣ ወታደሮቹ፤ በመጨረሻ እኔና በቅሎዬ፣ የመኮንኑን ወንበር ጭነን። አዎን፣ ወንበር! ቁጭ ብሎ ነዋ የሚያየው።

መኮንኑ ሲጀምር እንደ ፍየል ነበር። የመጀመሪያው ጉብታ ላይ ቆመና «ስንት ቀረን?» አለ። «እዚችው ናት፣ ጌታዬ» አሉ አያ አድማሴ፣ በጨለማው ውስጥ አገጫቸውን ቀስረው። እዚችው ማለት በጣሊያን አገር ስንት እንደሆነ ክንፈሚካኤልን ሳይጨንቀው አልቀረም፤ ትንሽ አሰበና «ጥቂት ደቂቃ ነው» ብሎ ነገረው። መኮንኑ ደስ ብሎት ሰዓቱን አየና ሩጫ ቀረሽ እርምጃ ያዘ። የኛ ሰው እዚችው ናት ሲባል መቀነቱን ያጠብቃል፤ ስንቁን ይቆጥባል። ይህ ሰው ግን አመነ! አምኖ ሮጠ።

ከጉብታው ወዲያ ጉብታ ነበር። «እዚችው ናት።» ሰዓት ታየ፤ ተሮጠ። የጓሳው ሣር ላይ ውርጩ ነጭ ሆኖ ተኝቷል። ያ ተራራ ለተወለድንበትም ትንፋሽ ይነሳል። ጅብራ የሚባለው ረጅሙ የደጋ ተክል የበቀለበት ስንደርስ መኮንኑ ፊቱ በርበሬ መስሎ፣ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ተቀመጠ። «የታለ ሐይቁ?» «ከዚች ጅብራ ወዲያ፤ ምራቅዎ ሳይደርቅ እንደርሳለን።» ክንፈሚካኤል ምራቁን ምን ብሎ እንደተረጎመው እንጃ፣ ሰውየው ግን ተነስቶ ሮጠ። ከጅብራው ወዲያ ጅብራ ነበር። ጎሕ ቀደደ፤ ሊያያት የመጣላት ፀሐይም በጀርባው በኩል ወጣችበት። ሰዓቱን አወጣና በቋንቋው የሆነ ነገር ተናገረ። ክንፈሚካኤል አልተረጎመልንም፤ ማንም አላስፈለገውም።

እኔማ በያንዳንዱ «እዚችው ናት» እሞት ነበር። በሽተኛውን ሁሉ እየጎተተ ያወጣው የዚህ ሰውዬ አፍ ዛሬ ጠላትን ወደ ሚስቴ እየጎተተ ነው። ድንጋይ አንስቼ ማጅራታቸውን ልበላቸው ሁለት ጊዜ አስቤያለሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

በመጨረሻ ከጠርዙ ሥር ደረስን። አውቀዋለሁ ያንን ጠርዝ። ብቅ ካልክ ሐይቁ ከእግርህ ሥር ነው፤ የድንጋይ ውርወራ እንኳ አይሞላም። መኮንኑ እዚያው ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። መጠየቁንም ትቶታል። አያ አድማሴ ግን ማንም ሳይጠይቃቸው ዞር አሉና ፊታቸው በርቶ «ጌታዬ፣ እዚችው ናት!» አሉ።

መንገድ ላይ ሆነው እውነት ሲናገሩ ስሰማ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። የበቅሎዬን አንገት ያዝኩ።

መኮንኑ ቀና አለ። ሳቀ፤ የደስታ ሳቅ ግን አይደለም። ክንፈሚካኤል እያለከለከ ተረጎመ። «ውሸታም ነህ ይሉሃል። ከሌሊት ጀምረህ ስታታልላቸው ነበር። ሐይቅ የሚባል ነገር የለም ይላሉ።»

አያ አድማሴ ይህን ሲሰሙ እብድ ሆኑ። «ኧረ በማርያም! ኧረ ጌታዬ፣ እዚችው ናት! ይነሱና ብቅ ብለው ይዩ!» የሰውየውን እጅጌ ይዘው ጎተቱት። ይሄኔ ከጠርዙ ወዲያ አንዲት ላም እምቧ አለች። በስመ አብ! እኔ ሁሉም ነገር አበቃ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። አያ አድማሴ ጣታቸውን ቀስረው «ሰሙ? ሰሙ? ከሐይቁ ዳር ነው የምትጮኸው!» አይሉም?

መኮንኑ መንጭቆ እጁን አስለቀቀ። ከሌሊት ጀምሮ ያመነውን ያህል አሁን ምንም ላያምን ቆርጧል። ላሚቱን ጎትተው ቢያመጡለት «ይህች ላም አይደለችም» ባይ ነበር። ካርታውን አውጥቶ ሐይቁን በእርሳስ ሰረዘውና «ውረዱ!» አለ። ወታደሮቹ ሁለተኛ እንዲነገራቸው አልጠበቁም። እኔም ከእታለም በድንጋይ ውርወራ ቅርበት ቆሜ፣ ሳላያት፣ ድምፄን ሳላሰማት የበቅሎዬን አፍ ወደ ቁልቁለቱ መለስኩ። ዓይኔ እንባ አቅርሮ ስለነበር መንገዱን ያየችልኝ በቅሎዋ ናት።

መንደር ስንደርስ መኮንኑ አያ አድማሴን አስተኝቶ በጅራፍ አስገረፋቸው። ወንጀላቸው ውሸት ነው። ዕድሜ ልካቸውን እዚችው ናት እያሉ አገሩን ሲያስለፉ ከእማማ እማዋይሽ ምርኩዝ በቀር የነካቸው የለም፤ እውነቷን የተናገሩ ዕለት ተገረፉ። ጅራፉ ባረፈባቸው ቁጥር «ኧረ እዚችው ናት፣ ጌታዬ!» ይላሉ፤ ይህን ሲሉ መኮንኑ ይብስበታል። ከዚያ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ቡሬ ተመለሰ። ማየ ርግብም ለጣሊያን የሌለ ሐይቅ ሆኖ ቀረ፤ እስኪወጣ ድረስ አንድ ወታደር ዝር አላለበትም። እታለም በዚያው ሳምንት ሴት ልጅ ወለደች።

በማግስቱ ቅቤ ይዤ አያ አድማሴ ቤት ሄድኩ። መደቡ ላይ በሆዳቸው ተኝተዋል። ጀርባቸውን እያሸሁ የሚያንገበግበኝን ጠየቅኋቸው።

«አያ አድማሴ፣ ቢያምንዎትስ ኖሮ?»

«ማን?»

«ጣሊያኑ ነዋ! ብድግ ብሎ ብቅ ቢልስ?»

ራሳቸውን ቀና አድርገው አዩኝ። «እኔን ካወቅኸኝ ስንት ዘመንህ ነው?»

«ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ።»

«አንድ ቀን አምነኸኝ ታውቃለህ?»

«ኧረ አላውቅም፣ አያ።»

«እንግዲያስ! የወንዜ ልጅ ያላመነኝን ባዕዱ ምን ቆርጦት ያምነኛል? ሌሊቱን ሙሉ እኮ አለማመን ሳስተምረው ነው የወጣሁ። ሩቅ ነው ብዬ ብነግረው ወታደር ልኮ ያስጠይቅ ነበር፤ ነብር አለ ብዬ ባስፈራራው ጠመንጃ ይጨምር ነበር። ሐይቁን ትቶ የሚመለሰው ራሱ በአፉ የለም ሲል ነው።»

«ግርፋቱስ? ያውቁ ነበር?»

«ውሸታም የተባለ ሳይገረፍ ይሸኛል እንዴ?»

በሆዴ ያወረድኩባቸውን ስድብ ሁሉ መልሼ ዋጥኩት። ይህን አድካሚ፣ ይህን አስልፊ ሰው እንደምወዳቸው ያን ቀን አወቅሁ፤ ጎንበስ ብዬ ትከሻቸውን ሳምኩ። ከንፈሬ ቅቤ በቅቤ ሆነ።

«ተው፣ ያማል!» አሉኝ። «ይልቅ ዝቅ በልና ወገቤን እሸው። የበረታው እዚያ ላይ ነው።»