የውሃ መርማሪው ጋሼ ገብረየስ

ሐበሻ በተሰበሰበበት ቤት ሁሉ አንድ የውሃ መርማሪ አይጠፋም። ሌላው ሳሎን ተቀምጦ ስለ ፖለቲካ ሲከራከር፣ እሱ ማድቤት ገብቶ የቧንቧ ውሃ የሞላ ብርጭቆ ወደ መብራቱ ያነሣል። ዲሲ አጠገብ ባለችው አሌክሳንድሪያ መርማሪው ክቡር ጋሼ ገብረየስ ነበሩ። አገር ቤት ሃያ ሁለት ዓመት በውሃ ላቦራቶሪ ሠርተዋል። እዚህ ፓርኪንግ ነው የሚሠሩት፤ ሥልጣናቸውን ግን ለማንም አላስረከቡም።

በየዓመቱ በፖስታ የሚመጣውን የውሃ ጥራት ሪፖርት ሰው ሁሉ ከፒዛ ማስታወቂያ ጋር ሲጥለው፣ ጋሼ በቀይ እስክሪብቶ እያሰመሩ ያነቡታል። ከዚያ ሰፈራቸው ላንድማርክ ለሚኖር ሐበሻ በሙሉ ይደውላሉ። "ክሎሪኑን አያችሁት?" ዲሲ፣ አዳምስ ሞርጋን ሰፈር፣ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ የመጠጣቸውን በረዶ ሦስት ጊዜ አስመልሰዋል። ክርስትና ተጠርተው ሄደው፣ ገና እንኳን ደስ አለሽ ሳይሉ አራሷን "ጠዋት ሳትቀጂ ውሃውን ስንት ደቂቃ ታፈሺዋለሽ?" ብለዋታል። "ጥርት ማለቱ እንዳያታልላችሁ!" የዘወትር ቃላቸው ነበር።

ዕድላዊት የእሳቸውን ቁጥር ሲያዩ ስልክ ከማያነሡት አንዷ ነበረች። በፈረንጆቹ 2004 ከባሏ ከመስፍን ጋር ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አሮጌ ቤት ገዝተው ከላንድማርክ ሲወጡ፣ "ከጋሼም ተገላገልን" ብላ ስቃ ነበር።

ከሁለት ወር በኋላ ቤቱ ሲመረቅ ጋሼ ባዶ ጠርሙሶች ይዘው መጡ። ሰላምታውን ቶሎ ቶሎ ጨርሰው ወደ ቤዝመንት ወረዱ። ዕድላዊት የአምስት ወር ልጇን ኤፍራታን ታቅፋ ተከተለቻቸው። ጋሼ ከመንገድ ወደ ቤቱ የሚገባውን ግራጫ ቧንቧ በሳንቲም ፋቅ ፋቅ አደረጉት። የተፋቀው ቦታ አብለጨለጨ።

"እርሳስ ነው" አሉ።

"የሚጻፍበት?" አለ መስፍን ከደረጃው ላይ ሆኖ።

"ሊድ! የሕፃን አእምሮ የሚጎዳው ሊድ ነው የምልህ!"

"ጋሼ፣ እሱ እኮ የዲሲ ውሃ ጣጣ ነው፤ በቴሌቪዥን ሲያወሩት ሰምተው ነው። እኛ ሜሪላንድ ነን።"

"ቧንቧው መቼ ካርታ አንብቦ ያውቃል?" አሉና ወደ ዕድላዊት ዞሩ። "የልጅቷን ፎርሙላ በምን ውሃ ነው የምትበጠብጪው?"

"በቧንቧ። ግን አፍልቼ ነው ጋሼ፣ በደንብ አፍልቼ።"

"ልጄ፣ ሊድ ቢያፈሉት አይጠፋም።" ድምፃቸው ዝግ አለ። "ከዛሬ ጀምሮ የታሸገ ውሃ ስጫት። ነገ ሐኪም ይያት።"

ዕድላዊት ንድድ አላት፤ በማን እንደሆነ ግን አላወቀችውም። ሁለት ወር ሙሉ ያን ጡጦ በገዛ እጇ ነው የሞላችው።

በማግስቱ ማንም ቧንቧ ሳይከፍት ጋሼ ከአሌክሳንድሪያ ገስግሰው ደረሱ፤ ጠርሙሶቻቸውን ሌሊቱን ቧንቧው ውስጥ ባደረው ውሃ ሞልተው ላቦራቶሪ ወሰዱ። ሊዱ ከሚፈቀደው በላይ ሆኖ ተገኘ። የሕፃኗም ደም ተወሰደና ውጤት ለመስማት አምስት ቀን ጠብቁ ተባሉ። በእነዚያ ቀናት ጋሼ ጠዋትና ማታ ይደውሉ ነበር። ስለ ክሎሪን አንድም ቃል አልተነፈሱም። "ጠባች? ተኛች?" ብቻ።

ዓርብ ረፋድ ላይ ነርሷ ደወለች። ውጤቱ ኖርማል ነው። ዕድላዊት ማድቤቱ ወለል ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ከዚያ ከባሏም በፊት ለጋሼ ደወለች።

"ጋሼ፣ ደሟ ንጹሕ ነው! ምንም የለባትም!"

ከወዲያ የመኪና ጥሩምባ አንባረቀ።

"ጋሼ? አሉ?"

"አለሁ፣ አለሁ… መኪና እያሳለፍኩ ነው" አሉ። "ተመስገን። ተመስገን አምላኬ።" ወዲያው ደግሞ ጮኹባት፦ "ቧንቧው ግን ይቀየራል!"

ተቀየረ። አዲሱ የመዳብ ቧንቧ በገባ ቀን ጋሼ ሰዓታቸውን እያዩ ውሃውን ግማሽ ሰዓት አፈሰሱት። በኋላም ላቦራቶሪው መርምሮ ንጹሕ ነው አለ። ያን ጊዜ አንድ ብርጭቆ ቀድተው ለዕድላዊት አቀበሏት። እስከ መጨረሻው ጨለጠችው።

"እህስ? ምን ምን ይላል?"

"ውሃ ውሃ ይላል፣ ጋሼ።"

ጋሼ ገብረየስ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። "እሱ ነው የሚፈለገው!" አሉና ለራሳቸው ቀዱ።