የአደጋ ትምህርትና የአባቴ ካሚዮን

ከእናንተ መሃል ፍርሃትን ከፍሎ የተማረ አለ? እኔ አለሁ። ሌላው ሰው የሚፈራው በነፃ ነው። እኔ ግን ተመዝግቤ፣ ደብተር ገዝቼ፣ ከፊት ወንበር ተቀምጬ ነው የተማርኩት።

ነገሩ የሆነው አስመራ ነው፣ በንጉሡ ዘመን። ፌዴሬሽኑ ፈርሶ ጠቅላይ ግዛት ከተባልን ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። እኔ ጸጸራት የሚባለው ሠፈር ልጅ ነኝ፤ ከቤታችን ኮሌጅ የገባሁ የመጀመሪያው ሰው። ትምህርቴ የንግድ ሥራና ፋይናንስ ነበር። ፋይናንስ ምንድነው ብትሉኝ ያን ጊዜ አልመልስላችሁም። መጽሐፉ ወፍራም መሆኑን ግን አውቃለሁ። አመሻሽ ላይ ኮምቢሽታቶ፣ ዋናው ጎዳና ላይ፣ ስንንሸራሸር በብብቴ ይዤው፣ ርዕሱን ወደ ሴቶቹ አዙሬ ነበር የምሄደው። እስከማውቀው ድረስ ያነበበችው የለችም።

ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። የመምህሩ ቁጣ በጣሊያንኛ። የመንግሥት ፈተና በአማርኛ፣ ቤት ስንገባ ትግርኛ። ስለዚህ ያልገባኝ ነገር ሲኖር በአራት ቋንቋ ነበር የማይገባኝ።

አንድ ቀን ዕቃ ሲጠፋ ዋጋው እንደሚወጣ፣ ሲትረፈረፍ እንደሚወርድ ተማርን። መምህሩ ሰሌዳው ላይ ሁለት መስመር አጠላልፎ ሰዓቱን ሙሉ አስረዳን። እኔም ሮጬ ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ፣ ስሟ ለተብርሃን ነው፣ ሰምታኝ ሰምታኝ፣ «ስለ ቲማቲም ነው እንዴ የምታወራው?» አለችኝ። «ይህን ለማወቅ ነው ጫማህን የምትጨርሰው?»

አባቴ ግን እንደሷ አልነበረም። አባቴ ኃይለአብ የካሚዮን ሾፌር ነው። አንድ አሮጌ የጣሊያን ካሚዮን አለው፤ እሱን ይዞ ከአስመራ ምጽዋ፣ ከምጽዋ አስመራ ይመላለሳል። ትምህርቱ እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ በጣሊያን ጊዜ ለእኛ ከዚያ በላይ አይፈቀድም ነበር። ከመንገድ ሲመለስ ታጥቦ ምሳው ይቀርብና፣ «እሺ ዶቶረ፣ ምን ተማርክ?» ይለኛል። ዶቶረ፣ ዶክተር ማለቱ ነው፣ የሚለኝ ለቀልድ አይደለም። የሚያስጨንቀኝም ይኸው ነበር።

በሦስተኛው ዓመት ስለ ኢንሹራንስና ስለ አደጋ የሚያስተምር አንድ ሽማግሌ ጣሊያን ገባልን። ስሙን ትተን «ሪስኪዮ» እንለው ነበር፤ በጣሊያንኛ አደጋ ማለት ነው። ቀጭን፣ በበጋም ካፖርት የሚለብስ ሰው ነው። ከመቀመጡ በፊት ወንበሩን በእጁ ነቅነቅ አድርጎ ይፈትነዋል። ሰው አደጋን በአራት መንገድ ይይዘዋል አለን፦ ይሸሸዋል፣ ይቀንሰዋል፣ ከሌላ ጋር ይካፈለዋል፣ ወይም ችሎ ይኖራል። ምሳሌው ሁሉ መርከብ ነው። ምንጊዜም አንዲት መርከብ አለች፤ ምንጊዜም ትሰምጣለች።

ሌሎቹ ተማሪዎች ስለ መርከቧ ይጽፋሉ። ለእኔ የሚታየኝ የአባቴ ካሚዮን ነው። የምጽዋን መንገድ ያየ ያውቀዋል። ከደጋው ጫፍ እስከ ባሕሩ ቁልቁል ነው፤ ጥምዝምዝ፣ ጉም፣ ገደል። በዚያ ላይ ዘመኑ አለ። ጫካ የገባ አለ፣ ኬላ የቆመ አለ፣ በመካከል ሾፌር አለ። ሾፌሮቹ ይህን በግልጽ አያወሩም። «መንገዱ ታሟል» ይላሉ። ሲሰነብቱ ደግሞ «ዛሬ ተሽሎታል» ይላሉ። ያን ጊዜ አስመራ የመንገድ ጤና የሚጠያየቅ ከተማ ነበር።

ታዲያ ሃያ ዓመት ሙሉ አባቴ ምጽዋ ሲወርድ ደህና እንቅልፍ የምተኛ ሰው፣ በአንድ ወር ትምህርት ሌላ ሰው ሆንኩ። ጎማውን እነካለሁ። ስለ ፍሬኑ እጠይቃለሁ። ጠዋት ተነስቼ ጉሙን አያለሁ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል። እኔ ተማርኩና ራሴን የምጠመጥምበት አጣሁ።

አንድ እሑድ ምሳ ላይ አልቻልኩም። አባቴ እንደ ልማዱ ምን ተማርክ ሲለኝ አራቱን መንገዶች ነገርኩት። በደንብ አዳመጠ።

«ለመጨረሻው ኮሌጅ አያስፈልግም» አለ። «ችሎ መኖርን እናትህን ጠይቃት።»

እናቴ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ድምፄ ከፍ አለ።

«አቦይ፣ አይቀልዱ! መንገዱ ታሟል ሲባሉ ለምን ይሄዳሉ? ሌላው ሄደ ብለው ነው? ሌላው ገደል ቢገባስ?»

በአባቴ ላይ ጮኼ አላውቅም። እሱም እጁን ታጠበና፣ «እወ ወደይ፣ ሰምቻለሁ» ብሎ ተነሣ። እወ ማለት እሺ፣ ወደይ ማለት ልጄ ነው። እኔ ግን ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ብሎ የተወኝ መሰለኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ለመርከብ የሚደርስ ቆዳ ጭኖ ወረደ። ረቡዕ ቀን መመለስ ነበረበት። ረቡዕ ምሳው ቀርቦ ቀዘቀዘ። እናቴ አንስታ አሞቀችው። እንደገና ቀዘቀዘ። ሠፈራችን ያለ አንድ ሌላ ሾፌር በበራችን ሲያልፍ ስለ መንገዱ ጠየቅነው። «ደህና ነው፣ ደህና ነው» አለን። ዓይናችንን ግን አላየም።

የሪስኪዮ ፈተና ሐሙስ ጠዋት ነው። አልሄድም አልኩ። እናቴ ደብተሬን አንስታ እጄ ላይ አስቀመጠችው። «ሲመጣ የሚጠይቅህ ስለ ፈተናው ነው» አለችኝ። ሲመጣ ነው ያለችው። ከመጣ አላለችም። እየሄድኩ የማስበው እሱን ነበር።

ወረቀቱ ታደለ። የመጀመሪያውን ጥያቄ አነበብኩ። አንድ ሰው አንዲት መርከብ ብቻ አለችው፤ መርከቧ በቀጠሮዋ ቀን አልደረሰችም፤ ባለቤቱ አስቀድሞ ምን ማድረግ ነበረበት?

ስሜን ጻፍኩ። የአባቴን ስም ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልጻፍኩም። ጎኔ ያለው ልጅ ሁለተኛ ገጽ ገልብጧል። ሪስኪዮ አጠገቤ መጥቶ ቆመ። በእንግሊዝኛ አሞህ ነው? አለኝ።

«መንገዱ ነው የታመመው» አልኩት፣ በአማርኛ። ምኑ ይገባዋል! ብዕሬን አስቀምጬ ወጣሁ።

ካሚዮኖች ከምጽዋ መጥተው ወደሚቆሙበት ሜዳ ሄድኩ። እናቴ ቀድማኝ እዚያ ናት! ከሌሎች የሾፌር ሚስቶች ጋር ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች።

«ፈተናው አለቀ?» አለችኝ።

«አለቀ» አልኳት።

አጠገቧ ቆምኩ። አንዲት ሴት ሻሂ አመጣችልን። እናቴ «የቐንየለይ» ብላ አመስግና ተቀበለችና ሳትቀምሰው ያዘችው። አንድ ማኪና ድምፅ ሲያሰማ ሁላችንም አንገታችንን እናሰግጋለን፤ ሌላ ሆኖ ያልፋል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚለው ተረት ጭንቅላቴ ውስጥ ይመላለሳል። የዚህን ተረት ባለቤት ባገኘው አንድ የምለው ነገር አለኝ።

እኩለ ቀን አለፍ ሲል ሽታ መጣ። ካሚዮን ሳይሆን ሽታ። ሰው ሁሉ አፍንጫውን ያዘ። ከዚያ ካሚዮኖቹ ተከታትለው ታጠፉ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራተኛው የአባቴ ነው። የጫነውን ቆዳ ጭኖ ሄዶ፣ ያንኑ ቆዳ ጭኖ ተመለሰ፤ ሁለት ቀን ሙቀት ውስጥ ከርሞ።

ወረደ። እናቴ ብርጭቆውን ለማን እንደሰጠችው እንጃ፣ በሁለት እጇ ኮቱን ያዘች። እሱ ከትከሻዋ በላይ እኔን ያያል።

«ፈተናውስ?» አለ።

«አቦይ፣ የት ከርመው ነው?»

«ጊንዳዕ ነዋ! ከዚያ በታች መንገዱ ታሟል አሉን። እነዚህ ሁለት ሰዓት ጠብቀው ሄዱ። እኔ ግን ልጄ ያለኝን አደረግኩ። ሸሸሁት» አለ፣ ደረቱን ነፍቶ።

ከኋላው ያሉት ሾፌሮች ሳቁ። መንገዱን ያሳመመው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የተሰበረ አውቶቡስ! ጠምዛዛው ላይ ጎማው ወልቆ ቆሞ ነበር። እነሱ ገፍተው አሳለፉት፣ ምጽዋ ገቡ፣ ጭነት ሲጠብቁ አንድ ቀን ተጨማሪ ቆይተው ጭነው ተመለሱ። አባቴ በመንገዱ አጋማሽ፣ ጊንዳዕ ተቀምጦ ብርቱካን ሲበላ መርከቡ ቆዳውን ጥሎ ሄደ።

እንግዲህ ይታያችሁ። አባቴ የአደጋን ትምህርት በተግባር ስለፈጸመ፣ እኔ በጽሑፍ ወደቅሁ። ሪስኪዮን ሄጄ ለመንኩት። ታሪኩን ሁሉ ነገርኩት። ወንበሩን ነቅነቅ አድርጎ ተቀመጠና አዳመጠኝ። አባትህን ሰላም በልልኝ አለኝ። ኮርሱን ግን በሚቀጥለው ዓመት ትደግመዋለህ፣ ደንብ ነው አለኝ።

ጣጣው በዚህ ቢያበቃ ምን ነበረበት! ከዚያ በኋላ አባቴ ሊወጣ ሲል በሬን ያንኳኳል። «ዶቶረ፣ ዛሬ እንዴት ነው? ልሂድ?»

እኔ ስለ መንገዱ ምን አውቃለሁ? ጸጸራት ተኝቼ ጊንዳዕን በየት አየዋለሁ? አባቴ ግን ኮፍያውን ይዞ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። መጀመሪያ ቀን ጉም አለ ብዬ አይሂዱ አልኩት። ቀረ። ሌላ ቀን ሆዴን ደስ አላለውም ብዬ አይሂዱ አልኩት። ቀረ። በሦስተኛው ቀን ያለ ምንም ምክንያት አይሂዱ አልኩት። ቀረ። በሦስቱም ቀን መንገዱ ከእኔ የተሻለ ጤነኛ ነበር።

እናቴ ጓዳ ጠርታ፣ «ልጄ፣ ካሚዮን በር ላይ ቆሞ አያበላም» አለችኝ።

በአራተኛው ጊዜ ሲያንኳኳ ያንን ወፍራም መጽሐፍ ገለጥኩ። ያነበብኩ መሰልኩ። ጣቴን አንድ ሠንጠረዥ ላይ አስኬድኩ። ከዚያ ቀና ብዬ ዓይኑን እያየሁ፣ «ይሂዱ፣ አቦይ። ዛሬ ምንም የለም» አልኩት። ሄደ። የሞተሩ ድምፅ እስኪጠፋ ቆሜ አዳመጥኩ። አንድ ነገር ቢሆን ሂድ ያልኩት እኔ ነኝ። በማግስቱ እስኪመለስ ድረስ እህል አልቀመስኩም።

እንዲህ ሆኜ ሁለት ዓመት። ያንኳኳል፣ መጽሐፉን እገልጣለሁ፣ ይሂዱ እላለሁ፣ ይሄዳል፣ እኔ እሞታለሁ፣ ይመጣል፣ እነሣለሁ። ተመርቄ ኢንሹራንስ ቤት ስቀጠር አለቃዬ ፊቴን አይቶ በዚህ ሥራ ብዙ የቆየ ሰው ትመስላለህ አለኝ።

አባቴ ካሚዮኑን ሸጦ ቤት ከተቀመጠ በኋላ፣ አንድ ከሰዓት በሩ ላይ ፀሐይ እየሞቅን ጠየቅኩት። የማላውቀውን ነገር ያን ሁሉ ጊዜ ለምን ይጠይቁኝ ነበር? አልኩት።

ሳቀ። «የመንገዱን ነገር እኮ በዋዜማው ከሾፌሮቹ ሰምቼ ነበር የምገባው» አለ። «አንተ ስትጨነቅ አየሁ። ከጠየቅኩት ይቀለዋል፣ ራሱ ሂድ ካለኝ ልቡ ያርፋል ብዬ ነው። አይይ ወደይ፣ ግን አንተ ያንን መጽሐፍ ስትገልጥ እኔ ነበርኩ የምፈራው። ምን አይቶ ይሆን እያልኩ እስከ ነፋሲት ድረስ እግሬን ከፍሬኑ ላይ አላነሳም ነበር።»

እኔ እሱ እንዲረጋጋ ዋሸሁ። እሱ እኔ እንድረጋጋ ጠየቀ። ሁለታችንም ሁለት ዓመት ሙሉ በፍርሃት አለቅን።

ይህን የሚያስተምር ኮርስ ቢኖር፣ እሱንም እወድቅ ነበር።