ዋናውን ያሳዩኝ

በየቢሮው አንድ የወረቀት አምላኪ አይጠፋም። ዓለም ብትገለበጥ እንኳ እሱ አስቀድሞ የሚጠይቀው የተገለበጠችበትን ደብዳቤ ነው።

ገላኔ በምትሠራበት፣ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ባለ የመኪና አከራይ ቢሮ፣ ይህን ሥልጣን የያዙት ክቡር ጋሽ ወዳጆ ናቸው። መኪና ሊከራይ የመጣ የውጭ አገር ሰው ሁሉ በእሳቸው መነጽር ሥር ያልፋል፤ ፓስፖርት፣ የአገሩ መንጃ ፈቃድ፣ ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ። ስልኩ ላይ ፎቶ ለሚያሳያቸው፣ «በዚህ የሚነዳው ስልክ ነው፤ ዋናውን ያሳዩኝ» ይሉታል።

አንድ ጊዜ ፈቃዳቸው በዋዜማው ያበቃባቸውን ፕሮፌሰር፣ «እስከ ትናንት ድረስ እንዴት ያሉ ሾፌር ነበሩ!» ብለው በክብር ሸኟቸው። ሌላ ጊዜ ደግሞ ፓስፖርቱ ላይ ጢም የሌለውን ጎረምሳ፣ ጢሙን በእጁ አስሸፍነው ሦስት ጊዜ አዩት። ደንበኛ በሄደ ቁጥር ሥራ አስኪያጁ የሚነዘንዘው ግን ገላኔን ነው።

ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት ኤምሬ የሚባል ቱርካዊ ከአውሮፕላን ወርዶ እየሮጠ ገባ። ሚስቱን ደብረ ብርሃን ላይ ምጥ ይዟታል፤ ያውም ያለ ቀኗ። ፓስፖርት አለው፤ በቱርክኛ የተጻፈ መንጃ ፈቃድም አለው። ዓለም አቀፉ ግን የለውም።

«አይሆንም» አሉ ጋሽ ወዳጆ።

«ጋሼ፣ ምጥ እኮ ነው!» አለች ገላኔ። «ዛሬን እንኳ ይለፉት!»

«ቢጋጭ ኢንሹራንሱ አይከፍልለትም። ትራፊክ ቢያስቆመው መንገድ ላይ ይቀራል። ይሄ ሰው መድረስ አለበት።»

ኤምሬ ጭንቅላቱን ይዞ ተቀመጠ። የቢሮው ሾፌሮች በሙሉ ወጥተዋል። ገላኔ በሕይወቷ ሰው እንደዚያ ጠልታ አታውቅም።

ጋሽ ወዳጆ ከመስቀያው ላይ ቁልፍ አነሱ።

«ተነሥ ልጄ» አሉት። «እኔ እነዳለሁ።»

በላምበረት በኩል ወጡ። አመሻሹ ላይ የገላኔ ስልክ ጠራ።

«ሴት ናት። እናትየውም ደህና ናት» አሉ ጋሽ ወዳጆ።

በማግስቱ አንድ ደንበኛ ወረቀቱ ተመልሶበት ሲወጣ፣ «ምን ዓይነት ደረቅ ሰውዬ ናቸው?» ብሎ ገላኔን ጠቀሳት። ድሮ ቢሆን አብራው ትስቅ ነበር።

«የኛ ናቸው» አለችውና በሩን ከፈተችለት።