ዋኘው ዜና ተምሮ የመጣበት ክረምት

ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ለክረምት የሚመለስ ልጅ ሁሉ የራሱን አመል አዲስ አበባ ጥሎ የትምህርቱን አመል ይዞ ይመጣል። ሕግ የሚማረው እናቱን ይሞግታል። ሕክምና የሚማረው የጎረቤቱን የዓይን ቆብ እየገለበጠ "ደም አንሶሃል" ይላል። እነዚህን ሰው ይችላቸዋል። ጋዜጠኝነት ከሚማረው ግን እግዜር ይሰውር።

"ጣሊያን እንኳ እንዲህ አልመረመረንም" አሉ አያ ክንዱ፣ የወንድማቸው ልጅ ዋኘው ጎንደር እሳቸው ቤት ባረፈ በሳምንቱ።

ክቡር ጋዜጠኛ ዋኘው ሰላምታ አያውቅም ማለት ግፍ ነው። ያውቃል፤ ግን መጨረሻ ላይ ያመጣዋል። አስተማሪው "ዋናውን ነገር አስቀድም፣ ትርፉን አስከትል" ብሎታል። ስለዚህ አንድ ጧት አጎቱን ከእንቅልፋቸው ቀስቅሶ "በቅሎዎ ቦይ ውስጥ ገብታለች። እንዴት አደሩ?" አላቸው። በቅሎዋ በደኅና ወጣች። የአያ ክንዱ ልብ ግን ከዚያ ወዲህ እንደ ድሮው አልመታም።

ጥያቄውማ አያልቅም። ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን፣ እንዴት! ሠርግ ቤት ገብቶ የሙሽሪትን አባት "ልጅቱ መፍቀዷን ከራሷ አፍ ሰምተዋል?" አለና ሠርጉ ሊፈርስ ምንም አልቀረውም። የሰፈሩን ቄስ፣ ስለ ተአምር ሲያወሩ፣ "የዓይን ምስክር አለ?" አላቸው። "ነበረ" አሉ ቄሱ፣ "ያንተን መምጣት ሰምቶ ሞተ እንጂ።"

አያ ክንዱን የከነከናቸው ግን ሌላ ነው። እሳቸውም የወሬ ሰው ናቸው። በሰፈሩ መርዶ የሚነገረው በእሳቸው አፍ ነው፤ ይህም ቀላል ሹመት አይደለም። ጎሕ ሲቀድ ይኬዳል። ዘመድ ይሰበሰባል። ወሬው ከሩቅ ይጀመራል፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ አዝመራው፣ ስለ እግዜር ፈቃድ። ሟቹ የሚመጣው ከሁሉ በኋላ ነው።

"አያ፣ ይኼ እኮ ዜናን በጭራው መያዝ ነው" አላቸው ዋኘው።

"አንተ ደግሞ በቀንዱ ይዘህ ሰው ታስወጋለህ።"

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ከደባርቅ መንገድ ወሬ ደረሰ። ሊማሊሞ ላይ ማኪና ተገልብጦ ረዳቱ ሰጠኝ ሞተ ተባለ። ሰጠኝ ለጎረቤታቸው ለወይዘሮ ሐረገወይን አንድ ልጃቸው ነው፤ ባልም ሌላ ልጅም የላቸውም።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ አያ ክንዱ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ሽማግሌዎቹን አስከትለው፣ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁትን ሴቶች ከአጥሩ ሥር አቁመው በሩን ሊያንኳኩ እጃቸውን አነሡ። ዋኘው በጭቃው እየሮጠ ደረሰ።

"ማን አየ?"

"ምኑን?"

"ሬሳውን።"

"ምነው አንተ ልጅ! ቀስ በል፣ ትሰማሃለች። ሐብተ ማርያም ነው የነገረኝ።"

ሐብተ ማርያም የጨው ነጋዴ ነው፤ እዚያው ከሽማግሌዎቹ ጋር ቆሟል።

"አያ ሐብተ ማርያም፣ እርስዎ አይተዋል?"

"እኔማ ትናንት ከደባርቅ ስመለስ ኮሶዬ ላይ ሰማሁ።"

"ከማን?"

"ከሰው ነዋ! ከበሬ ልሰማ ኖሯል?"

"ያ ሰውስ በዓይኑ አይቷል?"

ሐብተ ማርያም ሰማዩን አንጋጦ አየና ዛሬም ሊዘንብ ነው አለ።

አያ ክንዱ እጃቸውን አወረዱ። ስንቱን ሲያረዱ ኖረዋል፤ ሬሳውን ማን አየ ብለው ግን ጠይቀው አያውቁም። ሞተ ከተባለ ሞተ ነው።

"እስከ ማታ ይስጡኝ" አለ ዋኘው። "ኮሶዬ ደርሼ ልምጣ።"

"ከመንገድ ብትሰማውስ? እናት የልጇን መርዶ ከመንገድ ከሰማች እኔ ሰው ፊት አልቆምም።"

"ሳይሞት ሞተ ብለው ቢነግሯትስ?"

አያ ክንዱ ከበሩ ፈቀቅ አሉ። "ሂድ" አሉት። "ሳይመሽ ካልመጣህ ያንተንም መርዶ ደርቤ እናገራለሁ።"

ዋኘው ከመታጠፊያው እንደ ተሰወረ በሩ ተከፈተ።

"ምነው?" አሉ ወይዘሮ ሐረገወይን። "ምን ሆናችሁ በጧቱ?"

ሴቶቹ ነጠላቸውን እየተጣደፉ አስተካከሉ። አያ ክንዱ ዕድሜያቸውን ሙሉ እውነትን አዘግይተው ያውቃሉ እንጂ ውሸት አልለመዱም። አፋቸው ላይ የመጣው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

"ስለዚህ ልጅ፣ ስለ ዋኘው ልንመክር ነው። ሰፈሩን በጥያቄ ፈጀው።"

ወይዘሮ ሐረገወይን ወዲያው አመኑ። "ሸጋ አደረጋችሁ! ግቡ፣ እኔም የምለው አለኝ።"

የሚሉት ብዙ ነበር። ጠላ እየቀዱ አወሩት። "ቅቤ ስገዛ 'ለምን ከዚህችኛዋ?' ብሎ ከሻጯ አጣላኝ። ባልሽ ምን ዓይነት ሰው ነበር ብሎም ጠየቀኝ።" የአያ ክንዱን ዋንጫ ሞሉ። "እሱንስ ደግ አደረገ። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።" ደግሞ ጀመሩ። "እንደኔው ሰጠኝ ያለ ዝምተኛ ልጅ የት ይገኛል?"

ሽማግሌዎቹ ሁሉ ዋንጫቸው ውስጥ አቀረቀሩ። አንዷ ሴት ጭሱ ነው ብላ ዓይኗን ጠረገች፤ ምድጃው ግን ገና አልተለኮሰም።

ቀኑ አልመሽ አለ። አያ ክንዱ ውጭ ኮቴ በተሰማ ቁጥር መንገደኛ ወሬውን ይዞ የመጣ እየመሰላቸው ብድግ ይላሉ። ሊመሽ ሲል ማኪና ቆመ፤ በሩ ተበረገደ።

"ሰጠኝ አልሞተም!" አለ ዋኘው።

ሽማግሌዎቹ ዋንጫቸውን እንደ ያዙ ብድግ አሉ።

"የተገለበጠው ማኪናው ነው፤ ሰው አልተጎዳም። በሸራ የተሸፈነው የጤፍ ጆንያ ነው፤ ሰው ከቦት ያዩ መንገደኞች ሬሳ አሉት። የማኪናውን ሾፌር ራሱን ኮሶዬ ላይ አገኘሁት። ሌላ ሾፌርም ዛሬ ጧት አይቶታል፤ ሰጠኝ ጆንያው ላይ ተቀምጦ ጭነቱን እየጠበቀ ቆሎ ይበላል። እንዴት ዋላችሁ?"

ወይዘሮ ሐረገወይን ማሰሮውን አስቀመጡ። የሴቶቹን ፊት አዩ። ሽማግሌዎቹን አዩ። አያ ክንዱን ሲያዩ ሁሉም ገባቸውና እመሬት ላይ ዘፍ ብለው "ልጄን!" አሉ። ሴቶቹም ተቀበሏቸው፤ ልቅሶው ከጧት ጀምሮ ተዘጋጅቶ የቆየ ስለሆነ ለደስታውም በቃ።

ከዚያ ዕንባቸውን ጠርገው ተነሡ።

"ውጡልኝ! ልጄን ገድላችሁ ቁጭ ብላችሁ ጠላዬን ትጠጣላችሁ? ከእንግዲህ የሰጠኝ ወሬ ካለ በዚህ ልጅ አፍ ይምጣልኝ!"

አያ ክንዱ እንዲህ ሆነው ተሻሩ። ዝናቡ ይወርዳል። ዋኘው በስብሶ እየተንቀጠቀጠ ከኋላቸው ይከተላል።

"አያ፣ ሥርዓቱን አበላሸሁ?"

"አበላሸህ።" ጥቂት ተራመዱና ቆሙ። "እህል ቀምሰሃል?"

ዋኘው ዝናቡን ከፊቱ ጠረገ። ክረምቱን ሙሉ ሰው ሲጠይቅ ከረመ እንጂ እሱን የጠየቀው አልነበረም።

"ከትናንት ወዲህ የለም።"

"ቂል!" አያ ክንዱ ጋቢያቸውን ከፈት አድርገው ግማሹን አለበሱት፤ ትከሻውንም ጭምቅ አድርገው ያዙት። "ና፣ ቤት እንግባ። ስትበላ ግን አንዲት ጥያቄ እንዳልሰማ።"

"እሺ አያ" አለ ከጋቢው ውስጥ። "ወጡ ምንድነው?"