በሙሉ ድምፅ ሴት የሆኑት ዶሮዎች

በዓለም የሳይንስ ታሪክ ውስጥ ለአንዲት የመካኒሳ ቀበሌ የሚገባት ክብር እስከ ዛሬ አልተሰጣትም። ሌላው ዓለም ዶሮ ይቅደም እንቁላል እያለ ሲነታረክ፣ የእኛ ቀበሌ ከሁለቱም ሪፖርት እንደሚቀድም በተግባር አረጋግጣለች።

ነገሩ የሆነው በ1975 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተመራቂ ሁሉ የመመረቂያ ጽሑፉን «ከምርት ጋር አቆራኝቶ» እንዲሠራ መመሪያ ወረደ። መመሪያ ሁልጊዜ ይወርዳል፤ ሲወጣ ያየው የለም። ተማሪውም አልሰነፈም። አንዱ የታሪክ ተማሪ ስለ መደብ ትግል ሊጠይቅ ላፍቶ ወረደ፤ ሽማግሌዎቹ ያጫወቱት ስለ አንድ የጠፋ በሬ ብቻ ቢሆንም በሬውን ከጨቋኙ መደብ መድቦ ጽሑፉን ጨረሰ። የሥነ ጽሑፍ ተማሪዋ የግድግዳ መፈክሮችን ቤት አመታት አጠናች። ሥዕል የሚማረው ደግሞ የኅብረት ሱቁን ሰልፍ ሣለ፤ ሰልፉ በጣም ረዝሟል ተብሎ ግማሹን በነጭ ቀለም እንዲሸፍን ታዘዘ።

ለባዮሎጂ ተማሪዋ ለሸጊቱ የደረሳት የቀበሌያችን የዶሮ እርባታ ነው። ሸጊቱ የመካኒሳ አቦ ልጅ ናት። አባቷ አቶ ለታ ከተማው እየገፋቸው እሳቸውም መልሰው እየገፉት ጤፍ የሚዘሩ ገበሬ ሲሆኑ፣ ከስምንት ልጆቻቸው ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ የደረሰችው እሷ ብቻ ናት። ለምርቃቷ የሚለብሱትን ኮት በጥቅምት አሰፍተው ጨርሰዋል። ጽሑፏ ግን የቀበሌው ሊቀመንበር ማኅተም ካላረፈበት ተቀባይ አልነበረውም።

ስለ ዶሮዎቹ አመጣጥ ጥቂት እንበል። ቀበሌው ስልሳ አራት ጫጩት ያስመጣው ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ጫጩት ሲመጣ ወንድና ሴቱን የሚለይ ባለሙያ ያስፈልጋል፤ ቀበሌያችን ግን ኮሚቴ ነበራት። ሊቀመንበሩ ጓድ አስረስ ስብሰባ ጠሩና «ሴት ናቸው የምትሉ?» ብለው ጠየቁ። የሰባቱም አባላት እጅ ወጣ። «የምትቃወሙ?» ማን ይቃወማል! የስልሳ አራቱም ሴትነት በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ጥቂት ወራት እንዳለፉ ዶሮዎቹ ይጮኹ ጀመር። ገና ሳይነጋ መካኒሳን ቀጥ አድርገው ያቆሟት ነበር። ጎረቤቱ ተደናገጠ፤ ድሮ ሴት ዶሮ ከጮኸች ገደ ቢስ ናት ተብላ ትታረድ ነበርና። ጓድ አስረስ ይህን ኋላ ቀር አስተሳሰብ በአደባባይ አወገዙ።

«ሴት ዶሮን ዝም አሰኝቶ የኖረው የፊውዳሉ ሥርዓት ነው» አሉ። «አሁን ነቅታለች!»

ከዚያም በየወሩ አንድ ሺህ ሁለት መቶ እንቁላል ሪፖርት ይደረግ ጀመር፤ ዕቅዱ መቶ በመቶ ተሟላ። እንቁላሉን በዓይኑ ያየ አልነበረም። ነዋሪው ሁሉ ሌላው ሰው በልቶታል ብሎ ስለሚያምን ግን ሐሜት እንጂ ጥርጣሬ አልተነሣም።

ሸጊቱ ደብተሯን ይዛ ዶሮ ቤቱ ደጃፍ ሁለት ሳምንት ተቀመጠች። በደብተሯ ላይ «የእንቁላል ብዛት» የሚለው ዓምድ ባዶውን ከረመ። በመጨረሻ መኖ የሚሰጡትን ወይዘሮ ቀመሪያን ጠየቀች።

«እትዬ ቀመሪያ፣ እነዚህ እኮ አውራ ዶሮዎች ናቸው።»

«አውቃለሁ።»

«ሁሉም?»

«ሦስቱ ሴት ናቸው። እነሱም፣ ምስኪኖቹ፣ ከስልሳ አንድ ወንድ ጋር እየዋሉ እንኳን እንቁላል ሊጥሉ ላባም አልቀረላቸው።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልተናገሩም?»

«ልጄ፣ እኔን መኖ ስጪ አሉኝ እንጂ ጾታ ለዪ አላሉኝም። ደግሞስ ከኮሚቴ በልጬ ነው የማውቀው?»

ሸጊቱ በሕይወቷ የመጀመሪያዋ የሆነውን የሳይንስ ግኝት ይዛ በደስታ ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሄደች። ልጅ ነበረች።

ጓድ አስረስ ክፉ ሰው አልነበሩም። ሊቀመንበር ከመሆናቸው በፊት ጥሩ ጫማ ሰፊ ነበሩ፤ ያኔ ግራና ቀኙን አሳምረው ይለዩ ነበር።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ዶሮዎቹ ወንድ ናቸው» አለቻቸው።

«በማን ውሳኔ?»

«በተፈጥሮ።»

«ተፈጥሮንማ በቁጥጥራችን ሥር እናውላለን ብለን ግድግዳ ላይ ጽፈናል።»

«ወንድ ዶሮ እኮ እንቁላል አይጥልም!»

ጓድ አስረስ ተነሥተው በሩን ዘጉ። ሲቀመጡ ድምፃቸው ሌላ ሆኖ ነበር።

«ይህን የምትነግሪኝ ስምንት ወር ሙሉ ከጣሉ በኋላ ነው? ዘጠኝ ሺህ ስድስት መቶ እንቁላል የት ወስጄ ልመልሰው? እኔም ልጆች አሉኝ።» ግንባራቸውን ጠረጉ። «ሴት ናቸው ብለሽ ጻፊና ማኅተሙን አሁኑኑ ልምታልሽ። አለበለዚያ ነገሩ አሻጥር ይሆናል። አሻጥሩ የእኔ ይሁን ያንቺ የሚወስነው ደግሞ ስብሰባ ነው።»

ሸጊቱ ስብሰባው ለማን እንደሚፈርድ አላጣችውም። በማግስቱ አማካሪዋን ዶክተር ዳኜን አነጋገረች። ዶክተሩ መስኮቱን፣ በሩን፣ ከዚያም እሷን ተመለከቱ።

«ውሸት እንዳትጽፊ» አሏት። «እውነቱንም ቢሆን ሰው እንዳይደርስበት አድርገሽ ጻፊው። አራት ዓመት ያስተማርንሽ ለዚህ ነው።»

ቤት ስትደርስ አቶ ለታ አዲሱን ኮት ለብሰው ለጎረቤት ያሳዩ ነበር። ሸጊቱ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ካለቀሰች በኋላ ተናደደች፤ ከተናደደች በኋላ ጻፈች። የጻፈችውም ከእውነት አንዲት ፊደል ያልጎደለበት ዓረፍተ ነገር ነበር፦ «ከስልሳ አራቱ ዶሮዎች ስልሳ አንዱ አውራ ናቸው።» የመጣው ይምጣ ብላ ለጓድ አስረስ ሰጠቻቸው።

ጓድ አስረስ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ላብ አጠመቃቸው። ሁለተኛ አነበቡ። በሦስተኛው ፊታቸው በራ።

«አውራ!» አሉ። «አውራ ማለት እኮ ግንባር ቀደም ማለት ነው!»

«አውራ ማለት አውራ ማለት ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«የቀሩት ሦስቱስ?»

«እነሱ ሴት ናቸው።»

«ብርቱ ንቃት ያስፈልጋቸዋል» አሉና ማኅተሙን መቱ። ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ።

ሸጊቱ በሐምሌ ተመረቀች። አቶ ለታ በኮታቸው ላይ ዝናብ ወረደባቸው፤ ሌላ የጎደለ ነገር አልነበረም። ጥናቱ ግን ከሪፖርቱ ጋር ተያይዞ ወደ በላይ አካል ሄደና የምርት ኃላፊው ጓድ ለሜሳ ለጉብኝት መጡ። ጓድ ለሜሳ የገጠር ልጅ ናቸው። ዶሮዎቹን አንድ ጊዜ፣ ሪፖርቱን ሁለት ጊዜ አዩ። ያንን ሪፖርት ከእሳቸውም በላይ ላለው አካል ፈርመው የላኩት ራሳቸው ነበሩ።

«ይህ ልምድ ለአንድ ቀበሌ ብቻ መቅረት የለበትም!» አሉ።

ስለዚህ ስልሳው አውራዎች ለሃያ ቀበሌዎች ሦስት ሦስት ሆነው ተከፋፈሉ። የተረፈው አንዱ ለተጨማሪ ግምገማ ወደ ጓድ ለሜሳ ቤት ተወሰደ፤ ግምገማው እሑድ ምሳ ላይ ተጠናቀቀ።

መካኒሳ ጸጥ አለች። የሦስቱ ዶሮዎች ላባ በቀለ። አንድ ረፋድ ላይ ወይዘሮ ቀመሪያ እልል ሲሉ ጓድ አስረስ ከጽሕፈት ቤታቸው ሮጠው ደረሱ። ወይዘሮ ቀመሪያ አንዲት እንቁላል በመዳፋቸው አኖሩላቸው።

«ትሞቃለች» አሉ ጓድ አስረስ። ከዘጠኝ ሺህ ስድስት መቶ በላይ እንቁላል ሪፖርት ያደረጉ ሰው፣ ከቀበሌያቸው እንቁላል ሲይዙ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እየዞሩ በእጃቸው ቆጠሩ። የወሩን ሪፖርት ያለ ማንም እርዳታ ጻፉ፤ በሥልጣን ዘመናቸው የመጀመሪያው እውነተኛ ሪፖርት ነበር።

በግምገማው ስብሰባ የሃያ አንዱ ቀበሌዎች ሊቃነ መናብርት ተራ በተራ ተነሡ። የመጀመሪያው ከሦስት አውራዎች በወር ዘጠኝ መቶ እንቁላል ማግኘቱን ገለጸ። ሁለተኛው ይህን ሰምቶ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አለ። እንዲህ እያለ ሃያኛው ላይ ሲደርስ ሁለት ሺህ ሞላ። በመጨረሻ ጓድ አስረስ ቀና ብለው ቆሙ።

«ስልሳ ሁለት።»

«ስልሳ ሁለት መቶ?» አሉ ጓድ ለሜሳ በአድናቆት።

«ስልሳ ሁለት ፍሬ። አንድ በአንድ ቆጥሬያቸዋለሁ።»

አዳራሹ አጉረመረመ። ጓድ ለሜሳ እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙት።

«የዚህ ሁሉ ልምድ ምንጭ የሆነ ቀበሌ እንዴት የመጨረሻ ይሆናል? ምክንያቱን ለጉባኤው አስረዳ።»

«ጓድ፣ አውራዎቹ ሁሉ ተወስደዋል። እኛ ዘንድ የቀሩት ሴት ዶሮዎች ብቻ ናቸው።»

ጓድ ለሜሳ ብዕራቸውን አስቀመጡና በሐዘኔታ ተመለከቷቸው።

«እና በሴት ዶሮ ነው እንቁላል አመርታለሁ ብለህ የተነሣኸው?»

ቤቱ አጨበጨበ።